በድሬዳዋ አሸዋ ላይ ሆን ብሎ የተሸነፈ ሽማግሌ

ድሬዳዋ የማትሄዱ ሰዎች ብዙ ስለሆናችሁ፣ ሄጄ የተመለስኩት እኔ ልንገራችሁ። የምነግራችሁን በግማሽ ቀንሳችሁ ስሙ፤ ባለቤቴ የምትሰማኝ እንዲያ ነው፣ ትዳራችንም ሃያ አራት ዓመት የቆየው በዚሁ ነው። የጎልፉን ነገር ግን እንዳለ ውሰዱት። አልጨመርኩበትም። መጨመሪያ ቦታ ቢተውልኝ ኖሮ መች እምር ነበር!

የሄድኩት ለሽምግልና ነው። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የውሃ መሐንዲስ ሆኖ ድሬዳዋ ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው። አግባ አግባ እያልን ስንለምነው ኖረን ተስፋ ከቆረጥን በኋላ፣ አንድ ቀን ደወለና "ራሔል የምትባል ልጅ አለች፤ ሽማግሌ ሁነኝ" አለኝ። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ታላቁ እኔ ነኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት አስከተለ፦ "አባቷ ጎልፍ ይወዳል። አንተ አዲስ አበባ ውስጥ የታወቅክ ተጫዋች መሆንህን ነግሬዋለሁ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጎልፍ እጫወታለሁ። ለመሥሪያ ቤቶች ወረቀትና የማተሚያ ቀለም ነው የማቀርበው፤ ደንበኞቼ አለቆች ናቸው፣ አለቆች ደግሞ ጎልፍ ይወዳሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም አለቃ አሸንፌ አላውቅም። መሸነፍ ቀላል ይመስላችኋል? ኳሷ እስከ ጉድጓዱ አፍ ሄዳ፣ ልትገባ አንድ ስንዝር ሲቀራት፣ ብሉ እንደተባለ የአገር ቤት እንግዳ ተግደርድራ መቆም አለባት። አለቃውም "አይዞህ፣ ልትገባ ነበር እኮ" እያለ ሊያጽናናኝ ይገባል። በዚህ ጥበብ የሚስተካከለኝ ቢኖር በዓለም ላይ አንድ ሁለት ሰው ነው።

ረቡዕ

ባቡር ጣቢያው ገና ከመፈተሻው አላለፍኩም፣ ጉድ ተጀመረ። ፈታሿ ቦርሳዬን ከፍታ ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ቆጠረች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጎልፍ ዱላ ነው፣ እህቴ።"

"አሥራ አራት ዱላ ለአንድ ሰው?"

"ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው።"

"የት ነው የሚሄዱት?"

"ድሬዳዋ። ለሽምግልና።"

ዱላዎቹን አየች፣ እኔን አየች። "የልጅቷ ቤተሰብ እምቢ ካለ ነው?" ብላ ጓደኛዋን ጠራቻት። ሁለቱ ሲስቁ ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ በሙሉ ሳቀ። ደግነታቸው ግን አይረሳኝም፤ ቦርሳውን ራሳቸው መልሰው አሰሩልኝ፣ "ይቅናዎት" ብለውም ሸኙኝ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የድሬ ሰው ነበሩ። ጎልፍ ልጫወት እንደምሄድ ስነግራቸው የያዙትን ብርቱካን መላጥ አቆሙ። "ድሬ? አቦ አትቀልድ! ድሬ እኮ ፍየሏ ራሷ ሣር በወሬ ነው የምታውቀው።" ግማሽ ብርቱካናቸውን ሰጡኝና በቀረው መንገድ ሁሉ እንደ በሽተኛ ይንከባከቡኝ ጀመር።

አዋሽ ላይ ኮቴን አወለቅኩ፣ ሚኤሶ ላይ ሹራቤን። አንድ ጣቢያ ቢጨመር የሚቀረኝ ቆዳዬ ነበር። ድሬዳዋ ስንወርድ ፀሐይዋ ልትጠልቅ አዘቅዝቃ ነበር፤ ቢሆንም ፊቴን የመታኝ አየር ዳቦ ቤት ገብቼ ከምድጃው አፍ የቆምኩ አስመሰለኝ። ደረጀ በባጃጅ ሊቀበለኝ መጥቷል። ሲያቅፈኝ "ደህና መጣህ?" አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ከተማው ምንም አላለም። ወንድሜ እንዲህ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የንግግሩን ድርሻ እኔ ስለወሰድኩበት ይመስለኛል።

ሻይ ልንጠጣ አንድ ቤት ቆምን። የምታስተናግደው ልጅ ከሃያ ዓመት አትበልጥም። እኔ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ፣ ሽበቴ ከሩቅ ይታያል። መጣችና "አንተ ምን ላምጣልህ?" አለችኝ።

ክው አልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ በእሷ ዕድሜ እንዲህ የሚለኝ የለም። ደረጀን ዞሬ ሳየው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። "ንቃ፣ እዚህ አንቱ የለም" አለኝ። "ለከንቲባውም፣ ለቄሱም፣ ለሐጂውም አንተ ነው። ንቀት እንዳይመስልህ፤ ዘመድ አድርገውህ ነው።" ዘመዴ ሻይ በወተቱን በቅርንፉድና በቀረፋ አጣፍጣ፣ ትኩስ ሳምቡሳ ጨምራ አመጣችልኝ። አንቱ ከሚሉኝ ቤቶች ይልቅ ጠገብኩ።

ያረፍኩት መጋላ በሚባለው ሰፈር፣ የደረጀ አከራይ ሐጂ አብዱ ግቢ ነው። ሐጂ አብዱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ሆዳቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከሆዳቸው የሚሰፋ ሰው። ሁለተኛው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። የሱፍ ሱሪዬን ሲያዩ "ያ አላህ! ይሄን ለብሰህ ልትሞትብኝ ነው?" ብለው ከመደርደሪያቸው አንድ አረንጓዴ ሽርጥ አወጡልኝ። አሸራረጡን አሳዩኝ። ግቢው ውስጥ አልጋ ዘርግተው አስተኙኝ። ሽርጡ ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተፈታ። ከዚህ በላይ አላብራራም።

ሐሙስ

ጠዋት ሐጂ አብዱ ከፈጢራና ከማር ጋር አታገሉኝ፤ "ብላ፣ ሽማግሌ ባዶ ሆድ አይናገርም" እያሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ለእጮኛይቱ ቤት ስጦታ ልገዛ ብቅ ብል ከተማው የለም! ሱቁ ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ጥላዬ ራሱ ጥላ ፍለጋ እግሬ ሥር ገብቷል። የሆነ ነገር የደረሰ መስሎኝ በሩጫ ተመለስኩ። ሐጂ አብዱ ትራሳቸው ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው።

"ሐጂ፣ ከተማው ምን ሆነ?"

"ተኝቷል።"

"ሁሉም?"

"አንተ ብቻ ነህ የቀረህ። ተኛ።"

አሥር ሰዓት ሲሆን ከተማው ተነሣ፣ እኔና ሐጂ አብዱም ለሽምግልናው ወደ ከዚራ ሰፈር ሄድን። ከመጋላ ደረቁን ወንዝ ተሻግራችሁ ከዚራ ስትገቡ ሌላ አገር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ከላይ የተሳሰረ፣ ቤቱ የጥንት የባቡር ሰዎች የሠሩት። የራሔል አባት አቶ ወልዴ በአንዱ በረንዳ ላይ ካናቴራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ የደረቀ ቋንጣ የመሰሉ። ከተማው "ሼፍ" ይላቸዋል፤ በፈረንሳይኛው አለቃ ማለት ነው፣ የባቡሩን ወርክሾፕ ይመሩ ስለነበር።

እኔ በደንቡ መሠረት ከደጁ ቆምኩ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ።

"ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም፣ እርስዎ—"

"እርስዎ ማነው? ከኋላዬ ሰው ቆሟል?" ብለው ዞረው አዩ። "ቁጭ በል አቦ! ስትቆም አየር ትዘጋብኛለህ።"

ሐጂ አብዱ ቀድመው ተቀምጠው ኖሯል። ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ግን አልተውኩም። ወንድሜ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ መላእክት ሰው ቢጎድላቸው እሱን እንደሚጠሩ፣ ከአራስነቱ ጀምሮ አልቅሶ እናታችንን እንዳላስቸገረ ተናገርኩ። ሐጂ አብዱ ራሳቸው በመገረም ያዩኝ ጀመር። ሼፍ ወልዴ እስክጨርስ ጠበቁ።

"ይሄን ያህል ጥሩ ከሆነ እስከ አርባ አንድ ዓመቱ ምን ስትጠብቁ ነበር?"

ሐጂ አብዱን ዞሬ አየሁ፤ ጣሪያውን ያያሉ።

"ስማኝ" አሉ። "ራሔል ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የራሷ ሥራ አላት፤ እንደ ዕቃ የምሰጣት ልጅ አይደለችም። ልቧ ወዶታል። ግን እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ‘አንተ ካልመረቅኸን አላደርገውም’ ብላኛለች። ስለዚህ የምመርቀውን ቤተሰብ ማወቅ አለብኝ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሜዳ እንገናኝ። ዘጠኝ ጉድጓድ እንጫወት፤ ከዚያ መልስ እሰጥሃለሁ።"

ሐጂ አብዱ መንገድ ላይ ጀርባዬን መቱኝ። "ወላሂ ቀናህ! ከዚህ በፊት ለመጣ ሰው ሻይ እንኳ አልሰጠም።" እኔም ደስ አለኝ። ጎልፍ ከሆነማ የአሥራ አንድ ዓመት ልምድ አለኝ፤ ሽማግሌውን በክብር አሸናፊ አድርጎ መሸኘት ነው።

ዓርብ

ባጃጁ እኔንና ሐጂ አብዱን በሐርላ መንገድ ወስዶ፣ ግራርና ቁልቋል መሐል አራገፈን። ሜዳውን ፈለግኩ። አሸዋ አለ፣ ጠጠር አለ፣ ሦስት ግመሎች አሉ።

"ሜዳው የት ነው?"

"ቆመህበታል" አሉ ቀድመው የደረሱት ሼፍ ወልዴ።

አፌን ያዝኩ። አዲስ አበባ የምጫወትበት ሣር ጫማ አውልቃችሁ እንኳ ብትረግጡት ያሳፍራችኋል፤ እዚህ አንድ ዘለላ ሣር ቢበቅል ሙዚየም ይገባል። ሼፍ ወልዴ እንደነገሩኝ፣ ድሮ በአካባቢው ይሠሩ የነበሩ የውጭ መሐንዲሶች ቦታውን ጠርገው ይጫወቱበት ነበር፤ ሲሄዱ ዱላዎቻቸውን ለወርክሾፑ ሰዎች ተዉላቸው። አጥር የለው፣ በር የለው፣ መዝገብ የለው። የፈለገ ሰው ምንጣፉን ይዞ ይመጣና ይጫወታል።

"ምንጣፍ?"

ከብብታቸው አንድ ክንድ የምታህል የተቀደደች አረንጓዴ ምንጣፍ አውጥተው ወረወሩልኝ። "ሣርህ ይቺ ናት። ኳስህ በወደቀበት ታነጥፋታለህ፣ ከላይዋ ትመታለህ፣ ተሸክመህ ትሄዳለህ።" እንግዲህ አስቡት፤ እኛ ሣር ላይ እንሄዳለን፣ እነሱ ሣራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ኳሶቹ ደግሞ ቀይ ናቸው፤ ነጭ ከሆኑ ከጠጠሩ አይለዩም።

ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ስደርስ ሁለተኛው ድንጋጤ ጠበቀኝ። እኛ ዘንድ እዚያ ያለው ሣር እንደ ሐር የተላጨ ነው። እዚህ አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከአሸዋ ጋር ለውሰው፣ ደልድለው ያነጠፉት ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው። ስሙም "ጥቁሩ" ነው። ከዳሩ አንድ የብረት ቱቦ ተቀምጧል፤ ተጫዋች ከጨረሰ በኋላ ቱቦውን ጎትቶ ዱካውን ያለሰልሳል።

"ግመል ቀድማ ታልፋለች" አሉ ሼፍ ወልዴ የሜዳውን ሕግ ሲያስረዱኝ። "ኳስህ ፋንድያ ላይ ካረፈ በእጅህ ታነሣለህ። ኤሊ ከፊትህ ከተኛች እስክትሄድ ትጠብቃለህ።"

"ካልሄደችስ?"

"ትቀመጣለህ። ምን ያስቸኩልሃል?"

የቀለዱ መስሎኝ ስቄ ነበር። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ኤሊዋ መጣች። የድስት ክዳን ታክላለች። ሐጂ አብዱ ከግራሩ ሥር ፔርሙዛቸውን ታቅፈው "ወሪያ! ለእሷም ሻይ ልቅዳላት?" እያሉ ሲጮኹ፣ እኛ አንዲት ኤሊ መንገድ እስክትለቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን።

ጨዋታውን እንዳቀድኩት አስኬድኩት። ጥቁሩ ከሣር ይልቅ ለመሸነፍ ይመቻል፤ ኳስ እንደ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው የምትሄድበት። አንደኛው ጉድጓድ ላይ ኳሴ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። "አይ!" ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ሁለተኛው ላይም አንድ ስንዝር። ሦስተኛው ላይ ሥራዬ እጅግ ስላማረ ለራሴ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

"አይ ሼፍ! እርስዎማ የሚቻሉ አይደሉም!" አልኩ።

ቱቦውን ለመጎተት ጎንበስ ስል "ተወው" አሉ። ጥቁሩ ላይ ተቀመጡ፣ ቁጢጥ ብለው። ኳሴ አሸዋው ላይ የጻፈችውን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጉድጓዱ ስንዝራቸውን ዘረጉ። ልክ ነበር።

"ዕድሜዬን በሙሉ ቶርኖ ማሽን ላይ ነው የቆምኩት" አሉ። "ብረት ስቆርጥ። ሚሊሜትር በዓይኔ አውቃለሁ። ሰው ኳስ ይስታል፤ እኔም እስታለሁ። ሦስት ጊዜ በአንድ ስንዝር መሳት ግን ስሕተት አይደለም፣ ችሎታ ነው።"

ላቤ ደረቀ። በድሬዳዋ!

"ሼፍ፣ አክብሬዎት ነው። ታላቄ ነዎት፣ የልጅቷ አባት ነዎት—"

"አክብረኸኝ?" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከፍ ቢያደርጉት ይሻለኝ ነበር። "እኔ ትላንት ማታ ዱላዬን ወልውዬ፣ ከእንግዳ ጋር ልጫወት ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። አንተ እያባበልከኝ ነው። ዛሬ ለእኔ ደስታ ብለህ ታታልለኛለህ፤ ነገ ደግሞ ለልጄ ደስታ ብላችሁ ታታልሏታላችሁ። ወንድምህ ጥሩ ነው ያልከኝን ሁሉ አሁን በየትኛው ስንዝር ልለካው?"

ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ።

"ሂድ። ምርቃት የለኝም።"

ቆሜ ቀረሁ። ስድስት ጉድጓድ እየቀረ፣ ፀሐይዋም ገና ሳትጠነክር፣ ወንድሜን ያጣሁት መሰለኝ። ሐጂ አብዱ በባጃጅ ውስጥ እስከ መጋላ ድረስ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ ደጋግመው። "አቦ... አቦ... አቦ..."

ለደረጀ የነገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ ሰማኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢገፋኝ ዝግጁ ነበርኩ። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ምሳ አልበላም። ስጠራው አልመለሰም። ይሄን ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ እናታችን ስትሞት አርባ ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም፣ ከእኔም ጋር።

ሐጂ አብዱ ከጁምዓ ሲመለሱ ያመጡትን ሩዝና የፍየል ሥጋ ከፊቴ አስቀመጡ። ጎረስ አድርጌ ተውኩት።

"አንተ ምን ብለህ አሰብክ?" አሉኝ። "ድሬ ውስጥ ሰው ያሸንፍሃል፣ ይሰድብሃል፣ ከዚያ ሻይ ያጠጣሃል። ሆን ብሎ የሚሸነፍልህ ሰው ግን የሚሸጥልህ ነገር አለው።"

እውነታቸውን ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ስሸጥ ኖሬያለሁ።

ፀሐይ በረድ ስትል ይቅርታ ልጠይቅ ብቻዬን ከዚራ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ራሔል ናት። እስከዚያ ሰዓት ፊት ለፊት አላየኋትም። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ረጅም፣ ዓይኗ እንደ አባቷ ሰው የሚለካ። ገና ስሜን ሳልነግራት፣

"አንተ ነህ ስንዝሩ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"አባዬ አያነጋግርህም። ተኝቷል ልበልህ ብዬ ነበር፤ ግን አልተኛም፣ ተናዷል።"

"እኅቴ፣ እኔ ባጠፋሁት ደረጀን—"

"ደረጀን አውቀዋለሁ፣ አትሸምግልልኝ። ሥጋቴ አባዬ ነው።" ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እሱ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም፤ ለደረጀም ነግሬዋለሁ። ይሄን ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ የምታስተካክለውም አንተ ነህ።"

"ካላነጋገሩኝ እንዴት አድርጌ?"

"ነገም አሥራ ሁለት ሰዓት እዚያው ነው። ከቤቱ ሊያባርርህ ይችላል፤ ከሜዳው ግን አይችልም። የሕዝብ ሜዳ ነው።"

በሩን ዘጋች። ከዚያ መልሳ ከፍታ አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ። ፊቴ አስፈርቷት ይሆናል።

ቅዳሜ

በሩ ሥር "ሜዳ ሄጃለሁ" ብዬ ለደረጀ ነገርኩት። ብቻዬን ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ሼፍ ወልዴ አራተኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ ናቸው። ምንጣፌን ከአጠገባቸው ስዘረጋ አላዩኝም፤ ማለቴ፣ እንዳላየ ሰው ሆኑ።

"ትላንት ካቆምንበት ነው" አልኩ።

መቱ። እኔም መታሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የደረሰብኝን ስሙ። በልቤ "ዛሬ በእውነት ልጫወትና ማን እንደሆንኩ ይዩ፤ ብበልጣቸውም ልብለጣቸው" ብዬ ነው የመጣሁት። ሆን ብሎ የሚሸነፍ ሰው ቢፈልግ ማሸነፍ የሚችል ይመስለዋላ! ጥቁሩ ላይ ደረስኩ፣ ኳሷ ከጉድጓዱ አራት እርምጃ ትሆናለች። መታኋት። አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

ደነገጥኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ላስገባት ነበር! ሼፍ ወልዴ በጎን አዩኝ።

"አይደለም!" አልኩ። "በእውነት አይደለም!"

በሚቀጥለው ጉድጓድ፣ እንዳትቆም ብዬ ጠንከር አድርጌ ስመታት ጥቁሩን አቋርጣ ቁልቋል ሥር ገባች። ከቁልቋሉ ሳወጣት በወዲያኛው በኩል ወጣች። እጄ ማስገባት የሚባል ነገር ረስቷል። አሥራ አንድ ዓመት ስንዝር አስተምሬው፣ ዛሬ አስገባ ብለው ከየት ያምጣው? ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ አሥር ምት ፈጀሁ። እሾህ እጄን ቧጨረኝ፣ ዘይቱ ሱሪዬን አጠቆረው። ሰባተኛው ላይ ሼፍ ወልዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

"ክርንህን አትቆልፍ።"

"ተወኝ እስቲ አንተ ደግሞ!"

ከአፌ አመለጠ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸውን፣ ምርቃት የምለምናቸውን ሰው አንተ አልኳቸው! ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ጥርሳቸው ታየ። "እህ" አሉ፣ "አሁን ሰው ወጣህ።"

ጥቁሩ ላይ የኳሴን መስመር ዞረው አዩት። የሰካራም ዱካ ነበር፤ አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ ወደ ጅቡቲ። "ጥሩ" አሉና ቱቦውን እሳቸው ጎተቱልኝ።

ዘጠነኛውን ስንጨርስ ቆጠርን። በስድስቱ ጉድጓድ እሳቸው ሃያ ስምንት፣ እኔ አርባ ሦስት። ሆን ብዬ ስሸነፍ በሁለትና በሦስት ምት ነበር የምበለጠው። ግራሩ ሥር ተቀመጥን። ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝና ግመሎቹን አዩ።

"ወንድምህ ጉድለቱ ምንድን ነው?"

ሽማግሌ ጉድለት ሊናገር አይሄድም። ተናግሬ ብመለስ፣ ለደረጀ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ባልናገር ደግሞ ስንዝሩ እዚያው ነው።

"ዝም ይላል" አልኩ። "ሲከፋው ይዘጋል። ለአንድ ቀን አይደለም። እናታችን ስትሞት አርባ ቀን አላነጋገረንም። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ስለምነው ከውስጥ ትንፋሹን እሰማለሁ እንጂ ቃል የለም። ከትላንት ጀምሮም እንደዚያው ነው። ልጅህ ከእሱ ጋር ስትኖር እንዲህ ያለ ቀን ይገጥማታል። ክፉ አይሆንባትም፤ ግን ብቻዋን ትሆናለች። ይሄን ትላንት ወዲያ ልነግርህ ይገባ ነበር።"

ሼፍ ወልዴ ብርጭቆአቸውን አዙረው አዙረው ጠጡ።

"ነግራኛለች" አሉ። "አምና ክረምት አሥራ ሁለት ቀን ዘግቶባታል። እሷ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? በየቀኑ ሄዳ፣ በሩን አንኳኩታ፣ ‘ራሔል ነኝ፣ መጥቻለሁ’ ብላ ትመለሳለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከፈተላት። እኔ የፈራሁት ዝምታውን አይደለም። እናንተ ደብቃችሁ፣ እሷ ብቻዋን ተሸክማው እንዳትቀር ነው። አሁን እሷም ታውቃለች፣ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ሦስት ሰው ያንኳኳል።"

ተነሥተው ምንጣፋቸውን አራገፉ።

"መርቄያቸዋለሁ፤ ሠርጉ ኅዳር ይሁን። ከዚያ በፊት ሙቀቱ ሙሽራ ያቀልጣል። በል፣ ደውልለት።"

ደወልኩ። ስልኩ ተነሣ፣ ድምፅ ግን የለም፤ ትንፋሹ ብቻ።

"ደረጀ፣ መርቀዋችኋል። ኅዳር" አልኩት።

አንድ ግመል አለፈ። ከዚያ ሻካራ ድምፅ መጣ፦

"አሸነፍከው?"

"አርባ ሦስት ለሃያ ስምንት ተሸነፍኩ።"

"ሆን ብለህ?"

"አይደለም፣ ወንድሜ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አይደለም።"

ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ። ያለቀሰ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይስቃል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ሼፍ ወልዴ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ጆሯቸው ላይ ለጠፉ፤ ሳቁን ረጅም ጊዜ አዳመጡት።